ስለ ጡት ወተት ማለቢያ መሣሪያ፤ ክፍሎቹ፣ ሥራቸውና ንጽሕናቸው

ለሕፃን ልጅ ከእናቱ ጡት የሚበልጥ ምግብ የለም። ሕፃኑ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ውሃም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን፣ የአብሽ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላም ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ ይጠቅመዋል። ይኸን በየጤና ጣቢያው ደጋግማችሁ ሰምታችሁታል።

ታዲያ እናቲቱ ከልጅዋ ጋር መዋል የማትችልበት ቀን ሲመጣ ምን ይደረግ? በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ከተሞች የሚያስተምሩ፣ በሽተኛ የሚያስታምሙ፣ በቢሮ የሚሠሩና የሚነግዱ እናቶች አሉ። ከገጠርም ቡናዋን ወይም እህሏን ይዛ ገበያ የምትወጣ እናት አለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ግን ሕፃኑ ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ደግሞም ያለ ቀኑ ተወልዶ በሆስፒታል የተኛ፣ ለመጥባት ዐቅም ያነሰው ሕፃን አለ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ወተቱን አልቦ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥና ለሕፃኑ ማጠጣት ይቻላል።

ወተቱ በእጅ ይታለባል፤ በመሣሪያም ይታለባል። መሣሪያውን አንዳንዷ ከከተማ መድኃኒት ቤት ትገዛለች፤ አንዳንዷም ከውጭ አገር ዘመድ ይልክላታል። ነገር ግን እናት የመሣሪያውን ክፍሎች ለይታ ካላወቀች ሁለት ጉዳት ሊደርስባት ይችላል። አንደኛው፣ አንዲት ትንሽ ላስቲክ ስትቀደድ ወተቱ መምጣቱን ያቆማል፤ እርስዋም «ወተቴ ደረቀ» ብላ ያለ ምክንያት ልጅዋን ጡት ታስጥላለች። ሁለተኛው፣ በየስንጥቁ የተደበቀው ቆሻሻ ወተቱን ይበክልና ሕፃኑን ተቅማጥ ይይዘዋል። ይኸንን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሁለቱም ጉዳቶች እንዳይደርሱባችሁ ነው።

መሣሪያው ወተቱን እንዴት ያወርዳል?

በወለጋ ላም ሲታለብ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ጥጃው ቀርቦ ጥቂት ካልጠባ ላሚቱ ወተቷን ትይዛለች እንጂ አታወርድም። ስለዚህ አላቢዋ መጀመሪያ ጥጃውን ትለቅለታለች፤ ግቱ ሲሞላ ጥጃውን ገለል አድርጋ ታልባለች። ሰውን ከከብት ማስተካከላችን አይደለም፤ ነገሩን በምታውቁት ለማስረዳት ብለን ነው። በእናት ጡትም የሚሆነው ይኸንኑ ይመስላል። ሕፃኑ ጡቱን ሲስብ መልእክቱ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ኦክሲቶሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ይህ ንጥረ ነገር በጡት ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የወተት ከረጢቶች ይጨምቃቸዋል፤ ወተቱም ይወርዳል።

መሣሪያው የሚሠራው ሕፃኑን በመምሰል ነው። እጀታው ሲጨመቅ በውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፤ ጡቱም ይሳባል። እጀታው ሲለቀቅ አየሩ ይመለሳል፤ ጡቱ ያርፋል። መሳብና ማሳረፍ፣ መሳብና ማሳረፍ፤ ሕፃኑም የሚያደርገው እንዲሁ ነው። ስለዚህ በኃይል መሳብ ወተት አይጨምርም፤ ጡት ያቆስላል እንጂ። ኤይናር ኤግኔል የተባለው የስዊድን መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ማለቢያውን ሲያሻሽል የተጨነቀበት አንዱ ነገር ይኸው የመሳቡ ልክ ነበር።

እናቲቱ ስትደነግጥ፣ ስትቸኩል ወይም ስትበርዳት ወተቱ ይዘገያል። ልጅዋን እያየች፣ ወይም ልጅዋ የለበሰውን ጨርቅ ይዛ ብታልብ ይቀላታል። ከማለቧ በፊት በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጡቷ ላይ ብታሳርፍና በመዳፏ ቀስ ብላ ብታሸው ይረዳታል።

የመሣሪያው ክፍሎች

በእጅ የሚሠራው ማለቢያ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ክፍሎች አሉት። መሣሪያችሁን ከፊታችሁ አስቀምጡና አንድ በአንድ ተመልከቱ።

1ኛ. ጡት ማሳረፊያው። ይህ ጋዝ ወደ ፋኖስ የሚቀዳበትን ኢምቡቶ ይመስላል። ሰፊው አፉ ጡት ላይ ያርፋል፤ የጡቱ ጫፍ በጠባቡ ቀዳዳ መካከል ይገባል። ጫፉ ግድግዳውን ሳይታከክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አለበት። ጠባብ ከሆነ ይልጣል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩን ቆዳ ወደ ውስጥ ይጎትታል። በዳርቻው ላይ እንደ 21፣ 24 ወይም 28 ያለ ቁጥር ሊጻፍበት ይችላል፤ ይኸውም የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የሚያማችሁ ከሆነ ቁጥሩ አልገጠመላችሁም ማለት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ልክ ጠይቁ።

2ኛ. አንገቱ። ይህ ማሳረፊያውን፣ እጀታውንና ጠርሙሱን የሚያገናኘው ክፍል ነው። ወተቱ በዚህ በኩል ያልፋል። ጠምዘዝ ያለ ቦታ ስላለው ደረቅ የወተት ቅባት ተጣብቆ የሚቀረው እዚህ ነው።

3ኛ. ቫልቮላው። ይህች ከአንገቱ በታች የምትሰካ ትንሽ ለስላሳ ላስቲክ ናት። አፏ እንደ ተከደነ ከንፈር ነው። መሣሪያው ሲስብ ከንፈሯ ይገጥማል፤ ከጠርሙሱ በኩል አየር እንዳይገባ ትከለክላለች። መሳቡ ሲቆም ከንፈሯ ይከፈትና ወተቱን ወደ ጠርሙሱ ታንጠባጥባለች። ከክፍሎቹ ሁሉ ትንሿ እርስዋ ናት፤ ብዙውን ጊዜ የምትበላሸውም እርስዋ ናት። በጥፍር ወይም በሹል ነገር ከተነካች፣ ወይም ከብዙ ጊዜ በኋላ ከላላች፣ መሣሪያው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

4ኛ. ክብ ጎማውና እጀታው። በአንገቱ ራስ ላይ እንደ ክዳን የተቀመጠ ክብ ለስላሳ ጎማ አለ፤ እጀታው ይኸን ጎማ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ጎማው ሲጎተት ከሥሩ ያለው ቦታ ይሰፋል፤ አየሩም ይሳሳል። የመሳቡ ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ነው። ጎማው ዙሪያውን በደንብ ካልገጠመ አየር ያስገባል።

5ኛ. ጠርሙሱና ክዳኑ። ወተቱ የሚጠራቀምበት ነው። በጎኑ ላይ ልኩን የሚያሳይ ምልክት አለው። ክዳኑ ከዝንብ፣ ከአቧራና ከጭስ ስለሚጠብቀው እንዳይጠፋባችሁ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማለቢያም እነዚሁ ክፍሎች አሉት፤ በእጀታው ፈንታ ሞተርና ቀጭን የላስቲክ ቧንቧ አለው። ሞተሩ ውሃ መንካት የለበትም። በቧንቧው ውስጥ ወተት ወይም ሻጋታ ከታየ ያ ቧንቧ ተጥሎ በአዲስ ይለወጣል።

ሌላም ዓይነት አለ፤ እንደ መኪና ጡሩምባ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ያለው ነው። ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ያጓጓል። ወተቱ ግን ወደ ጎማው ኳስ ውስጥ ይገባል፤ ኳሱን ከፍቶ ማጠብ አይቻልም። እንግዲህ ተህዋስያን የሚራቡበት ጓዳ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የታለበውን ወተት ለሕፃን አትስጡ፤ መሣሪያውንም ባትገዙት ይሻላል።

«ወተቴ ደረቀ» ከማለታችሁ በፊት

አንዲት የነቀምቴ እናት እናስብ። ወደ ሥራ ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መጀመሪያ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ታልብ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ጣት እንኳ አልሞላ አላት። አማቷ «የላም ወተት ይጀመርለት» ይላሉ፤ ጎረቤትም የዱቄት ወተት ግዢ ትላታለች። እርስዋም ታለቅሳለች። ሕፃኑ ግን ማታ ማታ ጡቷን ጠብቶ ጠግቦ ይተኛል፤ ሽንቱም እንደ ወትሮው ነው፤ ክብደቱም እየጨመረ ነው። እንዲህ ከሆነ የደረቀው ወተቷ አይደለም፤ ጉድለቱ ከመሣሪያው ነው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ መሣሪያውን ፈትኑ። የታጠበ ደረቅ መዳፋችሁን በማሳረፊያው ሰፊ አፍ ላይ ግጠሙና እጀታውን ጨምቁ። መዳፋችሁ ከተሳበ መሣሪያው ደህና ነው። ካልተሳበ በየተራ ይኸን ተመልከቱ፤

1ኛ. ቫልቮላዋን አውጥታችሁ በብርሃን እዩ፤ ከንፈሯ ተቀዶ ወይም ሳይገጥም ቀርቶ እንደ ሆነ።
2ኛ. ክብ ጎማው ዙሪያውን ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ውሃ እንዳልቀረበት አረጋግጡ።
3ኛ. አንገቱ የተሰነጠቀ ወይም ያልጠበቀ ቦታ እንዳለው ፈልጉ።

የተቀደደ ላስቲክ በሙጫ ወይም በክር አይጠገንም፤ በራሱ ዓይነት ይለወጣል። ስትገዙ ተለዋጭ ቫልቮላ እንዳለው ሻጩን ጠይቁ፤ አንድ ትርፍ በቤት ማኖርም ብልኅነት ነው። ማንኛውም መሣሪያ እንደ ሕፃን አፍ አይስብም፤ ስለዚህ በጠርሙሱ የታየው ልክ የእናቲቱን ወተት መጠን አይናገርም። የሕፃኑ ክብደት ካልጨመረ ወይም ሽንቱ ካነሰ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ስለ ንጽሕና

በአገራችን የወተት ቅል በሣር ይታሻል፤ በወይራ ጭስም ይታጠናል። ለቅል የቆየ ልማድ ነው። ይኸን ማለቢያ ግን አታጥኑት። ጭሱ ላስቲኩን ያበላሸዋል፤ ጥላሸትም ይተውበታል። ይህ ዕቃ የሚፈልገው ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃና እሳት ነው።

ከማለብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከጥፍራችሁ ሥር ያለውንም አትርሱ። ካለባችሁ በኋላ ወተቱ ሳይደርቅ ክፍሎቹን ሁሉ ፍቱ። ሳይፈታ የታጠበ ማለቢያ እንዳልታጠበ ቁጠሩት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ማጠቢያው ሳህን ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን፤ እግር የሚታጠቡበት ወይም ሥጋ የሚዘፈዘፍበት አይሁን።

በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ቀቅሉት። በድስት ውሃ ሙሉና ከታች ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉ፤ ላስቲኩ የጋለውን ድስት እንዳይነካ ነው። ክፍሎቹ በውሃው ፈጽመው ይሸፈኑ። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 10 ደቂቃ ቆጥራችሁ አውጡ። አንዳንዱ ዕቃ መቀቀል አይችልምና ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቡ ወይም አስነብቡ። ዕድሜው ሁለት ወር ላልሞላው ወይም ያለ ቀኑ ለተወለደ ሕፃን ይህ መቀቀል በምንም ምክንያት አይቀርም።

ከዚያ በነጠላ ወይም በቀሚስ ጫፍ አታድርቁት። በንጹሕ ጨርቅ ላይ አኑሩት፤ በላዩ ሌላ ንጹሕ ስስ ጨርቅ አልብሱት፤ በነፋስ ራሱ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ ከተከደነ ይሻግታል።

ማለቢያውን ለጎረቤት ማዋስ መልካም አይደለም። ምጣድና ሙቀጫ ይዋዋሳሉ፤ ይህ ግን እንደ ጥርስ መፋቂያ የአንድ ሰው ዕቃ ነው። በማይታይ የወተትና የደም ቅሪት ሕመም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊተላለፍ ይችላል።

የታለበውን ወተት ማስቀመጥና ማጠጣት

የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ቦታ ተከድኖ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት በ1 ሰዓት የታለበው እስከ 5 ሰዓት ይጠጣ ማለት ነው። እንደ ሻምቡ ባለ ደጋ ይህ ይሆናል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲሄዱ በሚወረድበት በዴዴሳ ሸለቆ ወይም በፊንጫ ቆላ ግን ሙቀቱ ይበልጣልና ከዚያ ቀድማችሁ አጠጡት። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው እስከ 4 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ጠርሙሱን በበሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጎ ያኑረው። መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን በማቀዝቀዣው አትመኑ።

ቤቷ ለሥራዋ ቅርብ የሆነ እናት ቀኑን እንዲህ ልትከፍለው ትችላለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ታጠባለች፤ ቀጥላም ታልባለች። ሞግዚቲቱ ያንን ወተት በ4 ሰዓት ታጠጣለች። በምሳ ሰዓት እናቲቱ መጥታ ታጠባለች፤ ለከሰዓት በኋላም ታልባለች። ማታ ተመልሳ ታጠባለች፤ ሌሊትም እንዲሁ። ይህ ዘዴ ያለ ማቀዝቀዣም ይሠራል።

ወተቱ ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ይሰፍፋል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትድፉት፤ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃዋል። ማሞቅ ካስፈለገ ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ ሳህን ውስጥ አቁሙት እንጂ በእሳት ላይ አትጣዱት።

ስታጠጡ ጡጦ አትጠቀሙ። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው፤ ሕፃኑም ጡጦ ሲለምድ ጡት ሊጠላ ይችላል። በእያንዳንዱ ቤት የቡና ሲኒ አለ አይደለም ወይ? ከሲኒዎቹ አንዱን ለሕፃኑ ለዩለት፤ እንደ ማለቢያውም ቀቅሉት። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ታቀፉት፤ ሲኒውን ከታችኛው ከንፈሩ አስነኩት፤ እርሱ ራሱ ይላሰው፤ ወደ አፉ አታፍስሱበት። ጀምሮ ያስተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰው ድፉት።

መሣሪያ ለሌላት እናት

መሣሪያ የለኝም ብላችሁ አትዘኑ። እጅ ያለ ዋጋ የተሰጠ ማለቢያ ነው፤ ቫልቮላም አያስፈልገውም። እጃችሁን ታጥባችሁ አውራ ጣታችሁን ከጥቁሩ ቆዳ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከበታች አድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ግፉ፤ ቀጥሎ ጣቶቹን አገናኝታችሁ ጨምቁ፤ ከዚያ ልቀቁ። ጣታችሁ በቆዳው ላይ አይንሸራተት፤ ጫፉንም አትሳቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር ጥቂትና ወፍራም ስለ ሆነ ከመሣሪያ ይልቅ በእጅ ማለብ ይቀላል። እንገሩ ከሕመም የሚጠብቅ የሕፃኑ የመጀመሪያ ምግብ ነውና ጠብታው እንኳ አይጣል።

ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ያላት እናት ከወለደች በኋላ ሳትዘገይ ማለብ ትጀምር፤ በቀንና በሌሊት 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ታልብ። ካልታለበ ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የሆስፒታሉን ነርስ «አሳዩኝ» ብላ ትጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጡት ቀልቶ ቢያብጥ፣ ቢያምና ትኩሳት ቢመጣ ማጥባቱንም ማለቡንም ሳታቋርጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከልጅዋ ጋር የምትውል ጤነኛ እናት ደግሞ ማለቢያ ፍለጋ ገንዘብ አታውጣ፤ ልጅዋ ከማለቢያ ሁሉ ይበልጣል።

አባቶችም ስሙን። ውሃ መቅዳት፣ ድስት መጣድና 10 ደቂቃ መቁጠር ለወንድ ልጅ የተከለከለ ሥራ አይደለም። ሚስት ስታልብ ሌላውን ልጅ የሚይዝላትና «አይዞሽ» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ማለቢያውን አብራችሁ ፍቱት፤ አምስቱን ክፍሎች ቁጠሩ፤ ትንሿንም ላስቲክ በብርሃን እዩአት።